አየር ካልገባ ቤንዚን አይወጣም

ማዕድ ቤት ጥግ የተቀመጠችውን ቢጫ ጀሪካን እስቲ ያንሷት። የዘይት ዘመኗ ካለፈ ቆይቷል፤ አሁን የውሃ ናት። ፈረቃው ሲደርስ ትሞላለች፣ ቧንቧው ሲደርቅ ቤቱን ታኖራለች። ሙሉ ሆና ወደ ድስት ሲያዘነብሏት ምን ትላለች? ቡልቅ! ትንሽ ትቆማለች፤ እንደገና ቡልቅ! ከውሃው የተወሰነው ድስቱ ውስጥ፣ የቀረው ወለሉ ላይ ያርፋል።

አሁን አያያዝዎን ይለውጡ። አፏ በታች በኩል ሳይሆን በላይ በኩል እንዲውል አዙረው፣ ቀስ አድርገው በጎኗ ያጋድሏት። ውሃው ሳይቆራረጥ ይወርዳል።

ምን ተለወጠ? በአፏ ታችኛው ክፍል ውሃ ሲወጣ በላይኛው ክፍል አየር እየገባ ነው። ቀድሞ ሁለቱ በአንድ ጠባብ በር ይጋፉ ነበር። ውሃው ትንሽ ይወጣል፣ ውስጥ የቀረው አየር ይሳሳል፣ የውጭው አየር ውሃውን መልሶ ገፍቶ ይገባል። ቡልቅታው የዚያ ግፊያ ድምፅ ነው።

ይህችን ነገር ይያዙልኝ፤ ከዚህ ተነስተን ከ80 ዓመት በፊት የተሠራች የጦር ሜዳ ጂፕ ሞተር ውስጥ እንገባለን።

አሮጌ ወታደራዊ መኪና አድሶ መያዝ በአሜሪካና በአውሮፓ የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ፍቅር ነው። በአዘቦት ቀን መምህር ወይም ሐኪም የሆነ ሰው፣ ቅዳሜ ሲደርስ ቱታውን ለብሶ ጋራዡ ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተ የወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጥበቃ ማኅበር አላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የቃል ኪዳን አገሮቹ ጦር ፈረንሳይ የወረደበት ቀን በየዓመቱ ጁን 6 ሲታሰብ፣ የኖርማንዲ የባሕር ዳር መንገዶች እነዚህ ሰዎች ባደሷቸው ጂፖችና የጭነት መኪኖች ይሞላሉ።

ከሁሉም የምትወደደው ዊሊስ ኤምቢ የተባለችው ትንሿ ጂፕ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ዊሊስና ፎርድ የተባሉት ኩባንያዎች ሁለቱ ሆነው ከ6 መቶ 40 ሺህ በላይ አምርተዋታል። ፎርድ በሚሠራቸው ዕቃዎች ላይ፣ ብሎኖቹ ሳይቀሩ፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያትም ነበር። ዛሬ አዳሾቹ ያቺ ፊደል ያለችበትን ብሎን ፍለጋ አገር ያቋርጣሉ።

በጂፗ ጀርባ፣ ከትርፍ ጎማው በስተግራ፣ የታሰረችው የብረት ዕቃ ግን ለእርስዎ እንግዳ አይደለችም። የቢጫዋ ጀሪካን ቅድመ አያት ናት። 20 ሊትር ትይዛለች፤ ያንን መጠን ቤትዎ ያለችውም ወርሳዋለች።

ይህን ዕቃ የነደፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪንሰንስ ግሩንፎገል ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1937፣ ቦታው ሽቬልም ከተማ፣ ሚዩለር የተባለ ድርጅት ውስጥ። የጀርመን ጦር ጦርነቱ ሳይጀመር በብዛት አሠርቶ አከማችቶት ነበር። ፖል ፕላይስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1939 ከጀርመናዊ ባልደረባው ጋር በመኪና ከበርሊን ወደ ሕንድ ሲነሳ፣ ለመንገድ የሚሆን የውሃ ዕቃ አልነበራቸውም። ባልደረባው ከቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት ጀሪካን አምጥቶ መኪናው ሥር አሰራቸው። ፕላይስ በኋላ ናሙናውን ለአሜሪካ ባለሥልጣናት ሲያሳይ መጀመሪያ ላይ ብዙም ቦታ አልሰጡትም።

እንግሊዞች በዚያ ጊዜ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ ቤንዚን የሚያጓጉዙት 18 ሊትር በሚይዝ ስስ ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮው በጭነት መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ስፌቱ ይፈታል፤ ከሚጫነው ቤንዚን ጥቂት የማይባለው አሸዋ ውስጥ ይቀር ነበር። ወታደሮቹ ባዶውን ቆርጠው፣ አሸዋ ሞልተው፣ ቤንዚን አርከፍክፈው ሻይ ያፈሉበት ነበር፤ ለዚያ ሥራ ጥሩ ምድጃ ወጥቶታል። ለነዳጅ ግን ከጀርመኖች የማረኩትን ጀሪካን ይመርጡ ነበር፤ በመጨረሻ እንግሊዝም አሜሪካም ቀዱት። አሜሪካኖቹ ሲቀዱ ብየዳውን በታጠፈ ስፌት፣ ክዳኑንም በሚዞር ክዳን ለወጡት። በእኔ አስተያየት የጀርመኑ ይበልጣል፤ ለምን እንደሆነ ቀርበን እንየው።

ከእጀታው እንጀምር። ቢጫዋ ጀሪካን አንድ እጀታ አላት፣ ይቺ ሦስት፣ ጎን ለጎን። ሙሉዋን አንድ ሰው ሲሸከም መካከለኛውን ይይዛል። ሁለት ሰዎች ሲጋሯት ዳርና ዳሩን። ባዶ ሲሆኑ ሁለት ጀሪካን ጎን ለጎን አስጠግቶ፣ የተጎራበቱትን እጀታዎች በአንድ እጅ ጨብጦ መሄድ ይቻላል፤ በሁለት እጅ አራት ማለት ነው። ሰዎች ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሏት ደግሞ ሰጪው አንዱን ዳር ሳይለቅ ተቀባዩ ሌላውን ዳር ይይዛል። ቤንዚን የሞላባት ወደ 20 ኪሎ ትመዝናለች፤ በዚህ ክብደት ጣት ከጣት እንዳይጋጭ ማሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

ከእጀታዎቹ ሥር ያለው ትከሻ ጎበጥ ያለ ነው። 20 ሊትር ሞልታም በዚያ ጉብታ ውስጥ አየር ይቀራል። አየሩ ምን ይሠራል? ባልዲ ውሃ ያምጡና ሁለት ሃይላንድ ያዘጋጁ። አንዱን አየር ሳያስቀሩ ጢም አድርገው ሞልተው ይክደኑት፤ ሁለተኛውን ሁለት ጣት ያህል ያጉድሉለት። ባልዲው ውስጥ ሲያስገቧቸው የመጀመሪያው ሊሰጥም ይቃጣዋል፤ ሁለተኛው አናቱን አውጥቶ ይንሳፈፋል። የቤንዚን ጀሪካንም ወንዝ ላይ ብትጣል እንዲሁ ትንሳፈፋለች፤ ቤንዚን ራሱ ከውሃ ይቀላል፣ አየሩ ደግሞ የብረቱን ክብደት ይሸከማል።

የአየሩ ሁለተኛ ሥራ ሙቀት ነው። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል። ሌሊት 10 ዲግሪ የነበረ 20 ሊትር ቤንዚን ቀን ፀሐይ ላይ 40 ዲግሪ ቢደርስ፣ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ያ ጭማሪ ማረፊያ ካላገኘ ስፌት ይፈነቅላል። ጎንና ጎኗ ላይ በመስቀለኛ የተረገጠው መስመርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ቆርቆሮውን ያጠነክረዋል፣ ሲያስፈልግም ትንሽ እንዲነፋና እንዲመለስ ያስችለዋል።

ለእኔ ትልቁ ብልሃት ግን አፏ ውስጥ ያለው ነው። የመቆለፊያዋን ዘንግ ወደ ላይ ሲያነሱት ክዳኑ ከነጎማው ተነስቶ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ መፍቻ አያስፈልግም፣ ክዳኑም ከጀሪካኗ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይጠፋም። አፏን ወደ ብርሃን አዙረው ወደ ውስጥ ቢመለከቱ፣ ከዋናው መውጫ ጎን አንዲት ቀጭን ቱቦ ያያሉ። ቱቦዋ ጉብታው ውስጥ ወዳለው አየር ትዘልቃለች። ቤንዚኑ በሰፊው በር ሲወጣ፣ አየሩ በራሱ ጠባብ በር ይገባል። ግፊያ የለም፣ ቡልቅታ የለም።

ይህን ቤትዎ ይሞክሩት። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ሦስተኛውን ውሃ ይሙሉ። ገልብጠው እስኪያልቅ ይቁጠሩ። እንደገና ይሙሉትና አሁን አንድ ረጅም ስትሮ ይክተቱበት፤ ሲገለበጥ የስትሮዋ ውስጠኛ ጫፍ ከውሃው በላይ አየር ውስጥ፣ ሌላው ጫፍ ከአፉ ውጭ መሆን አለበት። አንዷ ካጠረች ሁለቱን ያጋጥሟቸው። ስትሮዋ የአፉን ቦታ ብትሻማም ውሃው ቡልቅታውን ትቶ አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል። ግሩንፎገል ያደረገው ይህንኑ ነው፣ በብረት።

አዳሾቹ እንዲህ ያለችውን ጀሪካን የሚያገኟት ብዙ ጊዜ ከእርሻ መጋዘን፣ ዝጋ ነው። የጀርመኗ ጎኗ ላይ የተሠራችበት ዓመትና የሠሪው ምልክት በብረቱ ላይ ተረግጦ ይገኛል፤ የውሃዋ ደግሞ በነጭ ቀለም መስቀል ይደረግባት ነበር። እ.ኤ.አ. የ1944 ጂፕ ያደሰ ሰው፣ ጀርባዋ ላይ የ1952 ጀሪካን ቢያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ ጭንቀታቸው ትክክል ነው እላለሁ፤ ዕቃው የሚነግረን ነገር ያለው ቦታውና ዘመኑ ሲገጥሙ ነው።

ከውጭ ያለው ዝገት በብሩሽ ይለቃል። የውስጡን በምን ይደርሱበታል? አንድ ጭብጥ ዳዶ ወይም አጭር ሰንሰለት ከትንሽ ፈሳሽ ጋር ይጨምሩና ይንጧታል። ክንዳቸው የደከመ ሰዎች ሲሚንቶ ማቡኪያ ማሽን ላይ አስረው ያዞሯታል። ቀጥሎ ኮምጣጤ ወይም ሌላ ቀላል አሲድ ተሞልታ ታድራለች።

ኮምጣጤውን በዛገ ምስማር ይሞክሩት። ብርጭቆ ውስጥ ነክረው ያሳድሩት፤ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲፈትጉት ዝገቱ ይለቅና ግራጫ ብረት ይወጣል። አሲዱ ዝገቱን አሟሟው። አሁን አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ምስማሩን እንደታጠበ እርጥቡን ቢተዉት፣ ብዙም ሳይቆይ ብርትኳናማ መልክ ይይዛል። ራቁቱን የቀረ ብረት ለእርጥበትና ለአየር የተጋለጠ ነው። ስለዚህ አዳሾቹ አሲዱን በሶዳ ውሃ አጥበው፣ ቶሎ አድርቀው፣ ወዲያው ዘይት ወይም የውስጥ ቀለም ያስነኩታል። የክዳኑ ጎማም ይለወጣል፤ የደረቀ ጎማ ሽታውንም ቤንዚኑንም አያስቀርም።

አንድ ቁም ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከምስማሩ በቀር ሙከራዎቹን ሁሉ በውሃ ብቻ ያድርጉ። ቤንዚን ይዞ የነበረ ዕቃ ባዶ ሲሆን ከሙሉው ይብሳል፤ ውስጡ የቀረው ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ብልጭታ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ታጥቧል ብሎ ብየዳ ማስነካት ሰው ይገድላል።

ቤንዚኑን ወደ ጂፗ እንገልብጠው። ዊሊስ ቤንዚን የምትቀዳው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩን መቀመጫ ወደ ላይ ሲያነሱት ክዳኑ ብቅ ይላል፤ ታንኩ 57 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሾፌሩ በቀጥታ ቤንዚኑ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚዋጋው።

በታደሱ ጂፖች ላይ ከሚታዩ ችግሮች አንዱ እንዲህ ነው። ሞተሩ ጥሩ ይነሳል፣ ጂፗ ሰፈሩን ትዞራለች። ትንሽ ቆይታ ታስላለች፣ ትንገራገጫለች፣ ትጠፋለች። ጎትተው ያስገቧታል፤ ሲሞክሯት ትነሳለች። በማግስቱም እንደዚያው። ባለቤቱ ካንዴላ ይለውጣል፣ ካርብራተር ይፈታል፣ ፓምፕ ይገዛል።

መልሱ ከወንበሩ ሥር ሊሆን ይችላል። ሃይላንድ ውሃ ይሙሉና ክዳኑን ያጥብቁት፤ ከታች አጠገብ ጎኑን በቀጭን ምስማር ይብሱት። ካልጨመቁት በቀር ጥቂት ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል። ክዳኑን ትንሽ ያላሉት፤ ውሃው ይፈሳል። እንደገና ያጥብቁት፤ ይቆማል። እጅ ለመታጠቢያ እንዲህ የተበሳ ሃይላንድ ሰቅለው ከሆነ በየቀኑ የሚከፍቱትና የሚዘጉት ውሃውን ሳይሆን አየሩን ነው።

የጂፗ የነዳጅ ክዳን ላይም ለአየር መግቢያ የተተወ ትንሽ ቀዳዳ አለ። በቀለም ወይም በአቧራ ከተደፈነ፣ ወይም ዕቃ ሲለወጥ አየር የማያስገባ ክዳን ከተገጠመ፣ ፓምፑ ቤንዚን በሳበ ቁጥር ታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ፓምፑ አቅም ያጣል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ቆሞ ሲቆይ በየስንጥቁ ትንሽ አየር ይሰርግና እንደገና ይነሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በጠፋችበት ቅጽበት ወንበሩን አንስተው ክዳኑን ሲከፍቱ ፉሽ የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ካርብራተሩ ንጹሕ ነው፤ አይንኩት።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ የፓምፕ ችግር ደግሞ አለ፤ አየር መሳይ ነገር በማያስፈልግበት ቦታ መፈጠር። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይውሰዱ፤ ለልጅ ሽሮፕ የምንሰጥበት ይሆናል። የማያቃጥል ግን በደንብ የሞቀ ውሃ ትንሽ ይሳቡበት፣ አየሩን ያስወጡ፣ አፉን በጣትዎ ደፍነው መሳቢያውን በኃይል ወደ ኋላ ይጎትቱ። ውሃው ተጨማሪ ሙቀት ሳያገኝ አረፋ እያወጣ ይፈላል። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ለዚህ ነው።

የጂፗ ፓምፕም ቤንዚኑን ከታንኩ የሚጎትተው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሞተሩ እየነዳው አንድ ስስ ሸራ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀኑ ሞቃት፣ ሞተሩም የጋለ ከሆነ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ወደ ተን ይለወጣል። ፓምፑ ተኑን ያምቀዋል፣ ይለቀዋል፣ ቤንዚን ግን አይመጣም። የድሮ ሾፌሮች ፓምፑ ላይ በውሃ የተነከረ ጨርቅ መጠቅለላቸው ልክ ነበር። ተኑ ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነቱ ይመለሳል፣ መንገዱ ይቀጥላል።

ፓምፑን ያለፈ ቤንዚን ካርብራተሩ ጋር ይደርሳል፤ በዊሊስ ላይ ካርተር የተባለ ኩባንያ የሠራው ነው። መጀመሪያ የሚያርፍበት ትንሽ ጽዋ ውስጥ፣ ጣሪያዎ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ እንዳለችው ተንሳፋፊ ኳስ፣ የምትንሳፈፍ ዕቃ አለች፤ ቤንዚኑ ከፍ ሲል መግቢያውን ትዘጋለች፣ ሲጎድል ትከፍታለች።

ከጽዋው ወደ ሞተሩ እንዴት ይሄዳል? ብርጭቆ ውሃ ይሙሉ። አጭር ስትሮ ቀጥ አድርገው ያቁሙበት፤ አናቷ ከውሃው ትንሽ ብቻ ከፍ ይበል። በሌላ ስትሮ አናቷን አግድም አጥብቀው ይንፉ። ውሃው በስትሮዋ ወጥቶ ወደ ርጭት ይለወጣል። ፈጣን አየር ሲያልፍ በስትሮዋ አናት ላይ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ብርጭቆው ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የተጫነው አየር ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የካርብራተሩ ጉሮሮ መሐሉ ላይ የጠበበ ቱቦ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያ ጥበት ሲፈጥን ቤንዚኑን እንዲህ አድርጎ ይረጨዋል።

አሁን የብርጭቆውን አፍ በስትሮዋ ዙሪያ በፌስታል ሸፍነው በላስቲክ ያጥብቁትና እንደገና ይንፉ። ርጭቱ ይደክማል ወይም ጭራሽ ይቀራል። ከላይ የሚጫን አየር ሲያጣ ማን ይግፋው? የካርብራተሩ ጽዋም እንደ ታንኩ ክዳን፣ እንደ ጀሪካኗ ቀጭን ቱቦ፣ የራሱ የአየር መግቢያ አለው፤ ተርብ ጎጆ ስትሠራበት ወይም ዝቃጭ ሲደፍነው ጂፗ ታኮርፋለች።

ለዓመታት የቆመች ጂፕ ካርብራተር ሲፈታ ውስጡ ቡናማ ማጣበቂያ የመሰለ ንጣፍ ይታያል፤ ተኖ ያለቀ ቤንዚን የተወው ነው። የፀጉር ያህል ቀጭን የሆኑትን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በሽቦ መጎርጎር ግን ክልክል ነው፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ልኩንም ያበላሸዋል። ማሟሟቻ ፈሳሽ ውስጥ ነክረው፣ በአየር ግፊት ያጸዱታል። በብዙ አገር የዛሬ ቤንዚን ኢታኖል ስላለበት የድሮውን ጎማ ያበላሻል፤ ስለዚህ የፓምፑ ሸራና የጎማ ቱቦዎቹ ኢታኖል በሚችሉ ይለወጣሉ። በዚህ ላይ ለዋናው ዕቃ ታማኝ እሆናለሁ ብሎ ማክረር አያዋጣም።

የቀረው ልክ ነው። 1 ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመንደድ 15 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ወደ መጠን ሲመነዘር ለ1 ሊትር ቤንዚን 9 ሺህ ሊትር ያህል አየር ነው፤ ያውም በባሕር ወለል ላይ። አዲስ አበባ በምትገኝበት ከፍታ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ኖርማንዲ ዳርቻ ላይ የተስተካከለች ጂፕ እንጦጦ ላይ ብትወጣ፣ ያው ጉሮሮ ያነሰ አየር እየሳበ ቤንዚን ይበዛባታል። ጭሷ ይጠቁራል፣ ጉልበቷ ይቀንሳል።

የቤንዚኑን መብዛትና ማነስ የሚናገረው ካንዴላው ነው። ጥቂት ከተነዳች በኋላ ሞተሩ ሲበርድ ፈትተው ጫፉን ያዩታል። በጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ አዳሹ የቤንዚኑን ቀዳዳ በጠበበ ይለውጣል። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፣ ሞተሩም ከሚገባው በላይ እየጋለ ነው፤ ሰፋ ያለ ይገጥምለታል። ፈዛዛ ቡናማ እስኪያይ ድረስ እየነዳ፣ እየፈታ፣ እየለዋወጠ ይቆያል።